በሐረር በኩል የገባው የዘር ሊቅ፤ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወትና ሥራ

ከሐረር ግንብ ወጥቶ ወደ ሶፊ የሚዘልቀውን መንገድ የያዘ ሰው በመኸር ወራት ግራና ቀኙን ሲመለከት የሚያየው ማሽላ አንድ ዓይነት አይደለም። አገዳው የረዘመ አለ፤ ያጠረ አለ። ዛላው እንደ ጡጫ የተጠቀጠቀ አለ፤ እንደ መጥረጊያ የተበተነም አለ። ፍሬው ነጭ፣ ቀይ፣ ቡናማ እየሆነ ይለያያል። የሐረርጌ ገበሬ ሙይራ፣ ፈንዲሻ፣ ወገሬ እያለ ለየዓይነቱ ስም አውጥቶለታል። የትኛው ለየትኛው መሬት እንደሚስማማ፣ የትኛው ዝናብ ሲዘገይ እንደሚያዋጣም ያውቃል። ለመንገደኛ ግን ሁሉም ማሽላ ነው።

ይህን ልዩነት ከቁም ነገር ቆጥሮ፣ ለእርሱ ሲል ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣ አንድ የሩሲያ የእፅዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. በሐረር በኩል አልፎ ነበር። ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። ኢትዮጵያ በብዙ አገሮች የመማሪያ መጻሕፍት ከዓለም የእህል ዘር መገኛዎች አንዷ ሆና መጠቀሷ በአብዛኛው ከዚህ ሰው ሥራ የመነጨ ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የዘር ጉዳይ በየዓመቱ በራቸውን የሚያንኳኳ በመሆኑ፣ ታሪኩን ቢያውቁት ይጠቅማል በማለት ቀጥሎ አቅርበነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ በ1880 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ ከተማ የገባና በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ልጁም የእርሱን ፈለግ እንዲከተል ፈልጎ የንግድ ትምህርት ቤት አስገባው። ታናሹ ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ ኋላ የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። ኒኮላይ ግን ንግዱንም ትቶ፣ ሌላውንም የከተማ ሙያ ሳይመኝ፣ ወደ እርሻ ትምህርት ቤት ገባ። የመጀመሪያ ጥናቱ በሞስኮ ዙሪያ ሰብልና አትክልት ስለሚያጠፋው ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ነበር። ከአንድ ተባይ ተነሥቶ የዓለምን እህል ሁሉ ወደ መመርመር የደረሰ ሰው ነው።

በ1905 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ዊልያም ቤትሰን ከተባለው የዘር ውርስ ሊቅ ዘንድ ተማረ። በዚያን ጊዜ የያዘው ጥያቄ ማንኛውም ገበሬ የሚጠይቀው ነበር። ዋግ በመጣ ጊዜ አንዱ የስንዴ ዓይነት ሲያልቅ አጠገቡ ያለው ለምን ይተርፋል? ቫቪሎቭ መልሱን ከመድኃኒት ሳይሆን ከዘሩ ከራሱ ፈለገ። በሽታን የመቋቋም ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ያንን ጠባይ የያዘውን ዘር ፈልጎ ማግኘትና ከሌላው ጋር ማዳቀል ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ ፍለጋው የት ይጀመር?

በ1908 ወደ ኢራንና ወደ ፓሚር ተራሮች ባደረገው ጉዞ አንድ ነገር አየ። በቆላው የስንዴ ማሳ ውስጥ ራይ የሚባለው እህል እንደ አረም ሆኖ ጥቂት ጥቂት ይበቅላል። መሬቱ ከፍ እያለ፣ ብርዱም እየበረታ ሲሄድ ራዩ እየበዛ፣ ስንዴው እየሳሳ ይመጣል። ከተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ስንዴው ጨርሶ ጠፍቶ ማሳው በሙሉ ራይ ሆኖ ይገኛል። ገበሬው ስንዴ ዘርቶ ነበር፤ አየሩ ግን አረሙን መርጦ እህል አደረገው። በደጋ ገብስ ውስጥ ስናር ሲበቅል ያየ የእኛ አገር ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዕፅዋት ከአየሩ፣ ከአፈሩና ከመሬቱ ከፍታ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናው ኢኮሎጂ የሚባለው ትምህርት ለቫቪሎቭ በመጽሐፍ የተነበበ ብቻ አልነበረም። በበቅሎ ጀርባ ላይ ሆኖ ያየው ነው።

ከዚያ በኋላ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። በ1912 በዚያው ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ዝነኛ ያደረገውን ሕግ አስታወቀ። ሕጉ ቀለል ተደርጎ ሲነገር እንዲህ ነው። ዝምድና ያላቸው ሰብሎች ተመሳሳይ መልክ ይደጋግማሉ። የዳቦ ስንዴ ፂም ያለውና ፂም የሌለው፣ ነጭና ቀይ ከሆነ፣ ዘመዱ የሆነው ሌላው ስንዴም እንደዚያው መሆን ይኖርበታል። እስካሁን ካልታየ የለም ማለት ሳይሆን የሚበቅልበት ስፍራ ገና አልተደረሰበትም ማለት ነው። ተመራማሪው የጎደለውን አውቆ ይፈልጋል ማለት ነው።

በ1913 በቮልጋ አካባቢ ከባድ ረኃብ ገባ። ቫቪሎቭ በዚያው ዓመት ወደ ፔትሮግራድ፣ ኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ ተዛውሮ የእፅዋት ምርምር ቢሮውን ተረከበ። ይህ ቢሮ አድጎ ታላቅ የዘር ተቋም ሆነ። ቫቪሎቭ ከአፍጋኒስታን እስከ ደቡብ አሜሪካ እየዞረ፣ ሠራተኞቹንም በየአቅጣጫው እየላከ፣ እስከ 1932 ድረስ ወደ 250,000 የሚጠጋ ናሙና ተሰበሰበ። ዘሩ በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ብቻም አልነበረም። ከ1915 ጀምሮ አንድ ዓይነት ዘር ከሰሜኑ በረዶ እስከ ደቡቡ ቆላ ከ100 በላይ በሆኑ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ እየተዘራ፣ በየስፍራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ቁመቱና ፍሬው እንዴት እንደሚለወጥ ተመዘገበ። አንድ ምርጥ ዘር ለሁሉም ቦታ ይሆናል የሚለው አሳብ በዚያ ሙከራ ላይ ወድቋል።

በ1918 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ አዝርዕት መገኛዎች የሚናገር ነው። መነሻው ተራ ምልከታ ነው። የአንድ ሰብል ዓይነቶች እጅግ በዝተው የሚገኙበት አገር ያ ሰብል ለረዥም ዘመን የኖረበትና ከጥንት ገበሬዎች እጅ የወጣበት ሳይሆን አይቀርም አለ። እነዚህንም አገሮች በካርታ ላይ አመለከተ። ኢትዮጵያ በዓይኑ ሳያያት ከመገኛዎቹ አንዷ ተብላ ተጽፋ ነበር። ስለዚህ መጥቶ ማረጋገጥ ነበረበት።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። በሶርያ ሳለ ወባ ይዞት ነበር። በታኅሣሥ 1919 በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በባቡር ወደ ድሬዳዋ መጣ፤ ከዚያም ሐረርን አይቶ ወደ አዲስ አበባ አመራ። በዘመኑ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ስለ ሩሲያ ሁኔታና ስለ አብዮቱ ብዙ ጠይቀውታል። ወደ ሰሜን የሚያስገባውን ፈቃድ አግኝቶ፣ በቅሎዎችና አሽከሮች አዘጋጅቶ ወደ አንኮበር ወጣ። ቀጥሎም ዓባይን ተሻግሮ፣ በጣና አጠገብ አልፎ፣ ጎንደርንና አክሱምን አይቶ በሚያዝያ አሥመራ ገባ። በመንገድ ሽፍቶች ቢገጥሙት የያዘውን ኮኛክ አጠጥቶ አስተኝቷቸው ሌሊቱን ከነጓዙ እንዳመለጠ በጉዞ ማስታወሻው አውግቷል።

አሠራሩን ልብ ማለት ይገባል። ከቤተ መንግሥት ይልቅ ገበያ ይፈልግ ነበር። በገበያ ቀን የብዙ ቀበሌ እህል ባንድ ስፍራ ስለሚገኝ፣ ካንዱ ቁና ወደ ሌላው እየሄደ ጥቂት ጥቂት ይገዛል። በማሳም ውስጥ ገብቶ ዛላ ይቆርጣል። በአንድ የኢትዮጵያ ማሳ ውስጥ የተዘራው ስንዴ ብዙ ዓይነት ተቀላቅሎበት አገኘው። ሌላ ሰው ይህን የሥልጣኔ ጉድለት ይለው ይሆናል። ለቫቪሎቭ ግን የተቀላቀለው ማሳ የሀብት መዝገብ ነበር። አንዱ በዋግ ሲመታ ሌላው ይተርፋልና።

በዚህ ጉዞ ያገኘው አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አስደሰተው። ፓስታና ማካሮኒ የሚሠራበት ዱረም የሚባለው ስንዴ በሌላው ዓለም ፂም ያለው ነው። በሕጉ መሠረት ግን ፂም የሌለው ዱረም በዓለም ላይ አንድ ቦታ መኖር ነበረበት። ያ ቦታ ኢትዮጵያ ሆኖ ተገኘ። ፍሬው ሐምራዊ የሆነ ስንዴም በዚሁ አገር አየ። ይህን ሁሉ ያቆየው ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ገበሬ ነው። ከየምርቱ ለዘር የሚሆነውን መርጦ፣ ለልጁ እያወረሰ፣ ሊቁ ከመምጣቱ በፊት ስንት መቶ ዓመት ሥራውን ሠርቶታል።

ቫቪሎቭ የኢትዮጵያ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው ሰብሎች መካከል ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ጎመንዘር፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ቡና ይገኙበታል። የስንዴዎቹም ጥናት በ1923 አካባቢ ራሱን ችሎ በመጽሐፍ ወጣ። ሆኖም በአንድ ነገር የኋላ ሊቃውንት አርመውታል። የስንዴና የገብስ የዱር ወላጆች የሚገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ በመሆኑ፣ እነዚህ ሁለቱ ከዚያ መጥተው እዚህ የተባዙ ናቸው እንጂ መጀመሪያ የተገኙት በኢትዮጵያ አይደለም። ጃክ ሃርላን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ መገኛና መበራከቻ አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ አስረድቷል። ይህ እርማት የኢትዮጵያን ገበሬ ድርሻ የሚያሳንስ አይመስለንም። ከውጭ የመጣን እህል ይህን ያህል ዓይነት አድርጎ ማብዛት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የቫቪሎቭ መከራ የጀመረው በገዛ አገሩ ነው። በ1921 የአገሪቱ የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ተደርጎ ነበር። ነገር ግን መንግሥት አዲስ ዘር በአራትና በአምስት ዓመት እንዲወጣ አዘዘ። ቫቪሎቭ ዘር ማዳቀልና መፈተን ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ያውቅ ነበር፤ ይህንኑም ተናገረ። በአንጻሩ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሥቶ ዘርን አርሶ በብርድ በማቆየት ጠባዩን በአጭር ጊዜ መለወጥ ይቻላል፣ የዘር ውርስ ትምህርትም ሐሰት ነው እያለ ለባለሥልጣኖቹ ተስፋ ሰጣቸው። ሊሴንኮን በመጀመሪያ ካበረታቱት አንዱ ራሱ ቫቪሎቭ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የገበሬ ልጅ ስለሆነና ትጋት ስላየበት ዕድል ይሰጠው ብሎ ነበር። በ1927 ቫቪሎቭ ከፕሬዚዳንትነት ወረደ፤ በ1930 ሊሴንኮ በዚያው ወንበር ተቀመጠ። በ1931 በስኮትላንድ የተደረገው ዓለም አቀፍ የዘር ውርስ ጉባኤ ቫቪሎቭን ሊቀ መንበር አድርጎ መርጦት ሳለ ከአገር እንዳይወጣ ተከለከለ።

እርሱ ግን መሰብሰቡን አልተወም። በሐምሌ 1932 በምዕራብ ዩክሬን ተራሮች ዕፅዋት ሲለቅም ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ባልደረቦቹ ከጓዙ ውስጥ በዚያ ቀን ያገኘውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙ። በ1933 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላም ወደ 20 ዓመት እሥራት ተለወጠለት። በእሥር ቤት ሆኖ የዓለምን የእርሻ ታሪክ የሚያትት መጽሐፍ ጻፈ፤ ጽሑፉ ጠፍቶ ቀርቷል። አብረውት ለታሠሩትም ስለ ዕፅዋት ያስተምር ነበር። ቀድሞ መምህር በነበረባት በሳራቶቭ ከተማ፣ በወህኒ ቤት፣ ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. በረኃብ ተጎድቶ ሞተ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ረኃብን ለማጥፋት የደከመ ሰው አሟሟቱ ይህ ሆነ።

በዚያው ወራት ተቋሙ ያለባት ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከ1933 ማለቂያ እስከ ጥር 1936 ወደ 900 ቀን ያህል ቆየ። ሕዝቡ በመቶ ሺህ እየሆነ በረኃብ አለቀ። የተቋሙ ሠራተኞች ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር የእህል ከረጢት ላይ ተቀምጠው አንዱንም ሳይነኩ ጠበቁት። የድንች ዘር ከከተማ ውጭ ካለው ማሳ መድፍ እየተተኮሰ ተቆፍሮ ገባ። ከአይጥና ከሌባ ለመጠበቅ በፈረቃ ያድሩ ነበር። የለውዝ ዘር ኃላፊ የነበረው ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። የሩዝ ዘር ኃላፊው ኢቫኖቭ በሞተ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ብዙ ሺህ የሩዝ ከረጢት ሳይጎድል ተገኘ። የአጃ ዘር ጠባቂዋ ሊሊያ ሮዲናም እንዲሁ ከሞቱት አንዷ ናት። በሐረርና በባቢሌ ለውዝ የሚያመርት ገበሬ አንድ እፍኝ ለውዝ ለተራበ ሰው ምን እንደሆነ ሊነገረው አያሻም። ከጦርነቱ በኋላ ያ ዘር የወደመውን እርሻ መልሶ ለማቋቋም ውሏል።

የሊሴንኮ ትምህርት እስከ 1957 ድረስ ሥልጣን ይዞ ቆየ። የቫቪሎቭ ስም ግን ከዚያ ቀደም ሲል በ1947 በፍርድ ነጻ ወጥቶ፣ ኋላም ተቋሙ በስሙ ተሰየመ። ከመታሰሩ በፊት ጽፎት የነበረው እህሎችን እንደየአየራቸውና እንደየመሬታቸው የመደበው ታላቅ ጥናትም ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ታተመ።

ይህ ሥራ ወደ እኛ አገር የተመለሰው በሌሎች እጅ ነው። በሐረርጌ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ከ1950 ገደማ ጀምሮ ማሽላ ከየአገሩ እየሰበሰበ ማጥናት ያዘ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከወሎ የተገኙ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ሰውነት ከሚገነቡት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነውን ላይሲን በብዛት እንደያዙ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተረጋገጠ። ገበሬዎቹ አንደኛውን ከድሮ ጀምሮ ወተት በጉንጬ ይሉት ነበር። ሳይንስ የደረሰበትን ምላሳቸው ቀድሞ አውቆት ነበር ማለት ነው። በዚሁ በአለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2002 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታ የመቋቋም ጠባይ ደግሞ ገብስን የሚያቀጭጨውንና ቢጫ የሚያደርገውን ቫይረስ ለመከላከል ረድቶ የካሊፎርኒያን ገብስ አድኗል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የእፅዋት ዘር ማዕከል ተቋቋመ፤ አሁን የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977 ድርቅ ዘመን የነበረውን አደጋ አይተዋል። የተራበ ገበሬ በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። እርዳታ ሆኖ የሚመጣው ዘር ደግሞ ያገሩን መሬት የማያውቅ ነው። ስለዚህ ያገር ዘር ሳያልቅ ተሰብስቦ፣ በደህና ጊዜ በገበሬው በራሱ ማሳ እየተባዛ እንዲመለስለት አደረጉ። ከቫቪሎቭ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው። ቫቪሎቭ ዘሩን ወደ ሩቅ ጎተራ ወሰደ፤ እርሳቸው ግን ዘሩ ሕይወት የሚኖረው ከነገበሬው ነው ብለው በማሳው ላይ እንዲጠበቅ ጣሩ። ለዚህም በ1982 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

የእፅዋት ኢኮሎጂ ሊቅ የነበሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ ያንኑ ሽልማት ከ11 ዓመት በኋላ ተቀብለዋል። የኢትዮጵያን ዕፅዋት የሚዘረዝሩትን መጻሕፍት ካዘጋጁት አንዱ ናቸው። በኋላም በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ አፍሪካን ወክለው አንድ ጥያቄ ሳይሰለቹ አነሡ። ዘሩን ያቆየው ገበሬ ሆኖ ሳለ ባለመብቱ ለምን ሌላ ይሆናል? በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል።

ጥያቄው የወሬ ብቻ አልነበረም። በ1997 ኢትዮጵያ ጤፍን በሚመለከት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት አደረገች። ኩባንያው ከጤፍ ዱቄት ዝግጅት ጋር የተያያዘ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ ይህ መብት ዋጋ የለውም ተብሎ በሄግ ፍርድ ቤት የተሰረዘው ገና በኅዳር 2011 ነው።

በዚህ መካከል በአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከአዋጁ ሁለት ነጥቦች በተለይ ሊያውቁ ይገባል። አንደኛ፣ ገበሬዎች እርስ በርሳቸው እንደ ልማዳቸው ዘር መለዋወጣቸውን፣ መበዳደራቸውንና መዝራታቸውን አዋጁ አይነካም። የሶፊ ገበሬ ከኤረር ዘመዱ ዘር ቢወስድ ማንንም አያስፈቅድም። ሁለተኛ፣ ለምርምር ወይም ለንግድ ብሎ ዘር ሊወስድ የመጣ ሰው የኢንስቲትዩቱን ፈቃድ መያዝ አለበት፤ የማኅበረሰቡን ዕውቀት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆ መስማማት አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ቀበሌው ሲመጣ መሪዎቹ የፈቃድ ደብዳቤውን ጠይቀው ያያሉ፤ ምን ያህል ዛላ፣ ከማን ማሳ እንደወሰደና ገበሬው ዘሩን በምን ስም እንደሚጠራው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ።